የሥራ ሂደት ማስታወሻ፦ ሲፍስ ማውንት ሲደረግ የሚወድቀው ሊኑክስ 4.9

መነሻ

ከርነሉ (የሥርዓተ ክወናው እምብርት) ሊኑክስ 4.9 በሆነ ማሽን ላይ፣ በኤስኤምቢ (ፋይል በኔትወርክ የሚያጋራ ፕሮቶኮል) የተጋራ ፎልደር በሲፍስ (የሊኑክስ የኤስኤምቢ ክላየንት) ማውንት ሲደረግ ትእዛዙ «ሰግመንቴሽን ፎልት» ብሎ ይሞታል። የከርነሉ ሎግ ላይ «ከርነል ባግ» የሚል መስመር ይወጣል፤ የሚጠቁመውም ስካተርሊስት የተባለውን ሄደር ፋይል፣ መስመር 140ን ነው። ያው ትእዛዝ፣ ያው ሰርቨር፣ ያው የይለፍ ቃል በ4.8 ያለ ችግር ይሠራል።

ሥራው ብልሽቱን በሙከራ ማሽን ላይ እንደገና ማስነሳት፣ ሲወድቅ የነበረውን ሜሞሪ መያዝ፣ ምክንያቱን መለየትና ማስተካከያውን መፈተን ነው። እስከዚያ ድረስ ከርነሉ አይቀየርም። «አዲሱን ጫንበትና ይለቅሃል» የሚለው ምክር ብዙ ጊዜ ይሠራል፤ ምክንያቱ ሳይታወቅ የጠፋ ብልሽት ግን መጥፋቱን ማረጋገጥ አይቻልም።

የሙከራ ማሽኖች

በኬቪኤም (የሊኑክስ ቨርቹዋል ማሽን ማስኬጃ) ላይ ሁለት ቨርቹዋል ማሽኖች። ሰርቨሩ ዴቢያን 12 ከሳምባ (የኤስኤምቢ ሰርቨር ሶፍትዌር) ጋር፤ 1 ጊጋባይት ራም ይበቃዋል። ክላየንቱ ዴቢያን 9፣ 2 ኮር፣ 2 ጊጋባይት ራም፣ 40 ጊጋባይት ዲስክ። ዲስኩ የበዛው ከነዲባግ መረጃው የሚገነባ ከርነል ብዙ ቦታ ስለሚበላ ነው። ዴቢያን 9 የተመረጠው ጂሲሲ 6.3 የተባለው ኮምፓይለር ስላለው ነው፤ ከርነል 4.9 የዚያው ዘመን ስለሆነ ያለ ጣጣ ይገነባል። በአዲስ ጂሲሲ መሞከር ከጉዳዩ ጋር ምንም ከማይገናኙ የኮምፓይል ስህተቶች ጋር መታገል ነው። የዴቢያን 9 ፓኬጆች ከተለመዱት ሚረሮች ተነስተው ወደ ዴቢያን አርካይቭ ስለተዛወሩ የአፕት ምንጭ ፋይሉ ወደዚያ መዞር አለበት።

ከርነሉ ሲዋቀር የሚበሩት፦ ቪማፕ ስታክ (የከርነሉን ስታክ ቪማሎክ በተባለ የሜሞሪ ክልል የሚያስቀምጥ)፣ ዲባግ ኤስጂ (ለስካተርሊስት የሚሰጥን አድራሻ የሚፈትሽ)፣ ዲባግ ኢንፎ፣ ኬክሴክና ክራሽ ዳምፕ (ሲወድቅ ሜሞሪውን ለመያዝ የሚያስፈልጉ)። ሲፍስ በሞጁልነት ይገነባል። የከርነሉን አድራሻ በየቡቱ የሚያዛውረው ኬኤኤስኤልአር በቡት መስመሩ ላይ «ኖኬኤኤስኤልአር» ተጽፎ ይጠፋል፤ ይህ ካልተደረገ ኋላ አድራሻዎቹን በዓይን ለይቶ ማንበብ አይቻልም።

እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። የሜሞሪ ስህተት ሲጠረጠር እጅ ቶሎ የሚሄደው ወደ ካሳን (የከርነሉ የሜሞሪ ስህተት ፈላጊ) ነው። በ4.9 ግን ካሳን በበራበት ቪማፕ ስታክ አይበራም፤ የኮንፊግ ሥርዓቱ ምንም ሳይናገር ያጠፋዋል። ካሳን ባለበት ከርነል ማውንቱ በሰላም ያልፋል፣ ፈታኙም «ብልሽቱ የለም» ብሎ ይደመድማል። ይህ እገዳ የተነሳው በ5.5 ነው። ስለዚህ ግንባታው ካለቀ በኋላ የኮንፊግ ፋይሉን ከፍቶ ቪማፕ ስታክም ዲባግ ኤስጂም «ዋይ» መሆናቸውን ማየት ግዴታ ነው፤ ሜኑው ላይ መምረጥ ብቻውን ማረጋገጫ አይሆንም።

ኮንሶሉ ወደ ሲሪያል ፖርት ይመራል፣ ፍጥነቱ 115200። ኪውኢኤምዩ (ቨርቹዋል ማሽኑን የሚያስኬደው ፕሮግራም) ከሲሪያሉ የሚወጣውን ሁሉ ሆስቱ ላይ ወዳለ ፋይል ይጽፋል፤ ማሽኑ ቢሞትም ጽሑፉ ይቀራል። ሲሪያል በሌለው እውነተኛ ማሽን ላይ ምትኩ ኔትኮንሶል ነው። እሱ የከርነሉን መልእክት በዩዲፒ ወደ ሌላ ማሽን፣ በተለምዶ ወደ ፖርት 6666 ይልካል። ተቀባዩ ሌላ ሰብኔት ላይ ካለ የጌትዌዩን ማክ አድራሻ መስጠት አይዘንጋ፤ የኮንሶሉም የሎግ ደረጃ ወደ 8 ከፍ ካላለ የሚላከው ግማሽ ታሪክ ነው።

ዳምፕ መያዣው

በቡት መስመሩ ላይ ለክራሽ ከርነሉ (ዋናው ሲወድቅ ተነስቶ ዳምፑን፣ ማለትም የሜሞሪውን ቅጂ፣ ለሚይዘው ሁለተኛ ከርነል) 256 ሜጋባይት ይያዝለታል። የኬዳምፕ ፓኬጅ ተጭኖ ማሽኑ ከተነሳ በኋላ በሲስ ፎልደር ውስጥ፣ ከርነል በሚለው ሥር ያለው «ኬክሴክ ክራሽ ሎድድ» ፋይል ይነበባል። 1 ካለ ዝግጁ ነው፤ 0 ካለ ሲወድቅ ምንም አይያዝም።

«ፓኒክ ኦን ኡፕስ» ወደ 1 መቀየር አለበት። ይህ የሚዘለል ነገር አይደለም። ባጉ በአንድ ፕሮሰስ ሥራ ውስጥ ሲከሰት ከርነሉ በነባሪ ያንን ፕሮሰስ ብቻ ገድሎ ለመቀጠል ይሞክራል፤ ስለዚህ ዳምፕ አይነሳም። ማውንት ያደርግ የነበረው ፕሮሰስ ደግሞ የያዛቸውን ሳይመልስ ስለሞተ ሲፍስ ሞጁሉን ማውረድ አይቻልም፣ «ሥራ ላይ ነው» ይላል። ከዚያ በኋላ በዚያ ማሽን ላይ የሚታይ ማንኛውም ነገር እንደ ማስረጃ አይቆጠርም፤ ማሽኑ እንደ አዲስ መነሳት አለበት።

ከዋናው ሙከራ በፊት መያዣው ራሱ ይፈተናል፦ ሲስአርኪው ትሪገር (ለከርነሉ ቀጥታ ትእዛዝ የሚጻፍበት ፋይል) ላይ «ሲ» ተጽፎ ማሽኑ ሆን ተብሎ ይጣላል። ከተነሳ በኋላ በቫር ሥር፣ ክራሽ ፎልደር ውስጥ ዳምፕ ከሌለ ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦ የሲሪያሉን ፋይል ማንበብ፣ ሁለተኛው ከርነል መነሳቱን ማየት፣ ተነስቶ ሜሞሪ አልቆበት ከሞተ 256ቱን ወደ 512 ማሳደግ። ዳምፑን የሚያሳንሰው ሜክዳምፕፋይል በደረጃ 31 ሲሠራ ባዶ ገጾችን፣ የፋይል ካሽን፣ የተጠቃሚ ፕሮሰሶችን ገጾችና ያልተያዙ ገጾችን ይጥላል። ለዚህ ጉዳይ የሚያስፈልገው ስታኩና የከርነሉ የራሱ መዋቅሮች ስለሆኑ 31 ይሆናል። የፋይል ይዘት ተበላሸ የሚል ጥርጣሬ ካለ ግን ካሹን የማይጥለው 17 ይሻላል።

ዳምፑ የሚቀመጠው ሎካል ዲስክ ላይ ነው። በምርመራ ላይ ወዳለው የኔትወርክ ፎልደር እንዲላክ ማድረግ፣ የወደቀው መንገድ የመውደቁን ማስረጃ እንዲያደርስ መጠበቅ ነው።

መጀመሪያ ያልወደቀው ማውንት

ሳምባ ላይ ተጠቃሚ ተፈጥሮ፣ በኤስኤምቢፓስወድ የይለፍ ቃል ተሰጥቶት፣ ማውንት ተሞከረ። ከርነሉ አልወደቀም፤ የተገኘው ተራ የስህተት መልስ ነው። ሰርቨሩ ሳምባ ሲሆን ብዙውን ጊዜ 95፣ «ኦፐሬሽን ኖት ሰፖርትድ»፤ ግንኙነቱን ዝም ብሎ የሚዘጋ ሰርቨር ከሆነ ደግሞ 112፣ «ሆስት ኢዝ ዳውን»። ሁለቱም የኔትወርክ ችግር ይመስላሉ፤ ፖርት 445 ግን ክፍት ነው።

ምክንያቱ የፕሮቶኮል እትም ነው። ከ4.13 በፊት የነበረ ከርነል እትም ካልተነገረው በኤስኤምቢ 1 ይጀምራል። ሳምባ ደግሞ ከ4.11 ጀምሮ ኤስኤምቢ 1ን በነባሪ ዘግቷል። መፍትሔው የማውንት አማራጩ ላይ «ቨርስ=3.0» መጨመር ነው። ሰርቨሩ ላይ ኤስኤምቢ 1ን መክፈት የለየለት የደህንነት ቀዳዳ ነው፤ ለሙከራም ቢሆን አይደረግም፣ ምክንያቱም ለሙከራ የተከፈተ ነገር ሳይዘጋ ይቀራል።

መውደቅ

«ቨርስ=3.0» ከተጨመረ በኋላ ማውንቱ ወዲያው ወደቀ፤ ዳምፑም ተያዘ። የሲሪያሉ ፋይል ላይ ከባጉ መስመር ቀጥሎ «ኢንቫሊድ ኦፕኮድ 0000» ይላል። ይህን አይቶ ሲፒዩውን የሚጠረጥር አለ። ኤክስ86 ላይ ባግ የሚባለው ማክሮ የሚተረጎመው ሆን ተብሎ ወደተቀመጠ ሕገወጥ ትእዛዝ ነው፤ መልእክቱ የሚለው ከርነሉ ራሱን በራሱ አቆመ ነው እንጂ ሲፒዩው ተበላሸ አይደለም።

የጥሪዎቹ ሰንሰለት ከታች ወደ ላይ ሲነበብ፦ የማውንት ሲስተም ኮል፣ የሲፍስ ማውንት፣ የኤስኤምቢ ሰሽን መክፈቻ፣ የኤንቲኤልኤምኤስኤስፒ (በይለፍ ቃል የማረጋገጫ ዘዴ) ደረጃ፣ የማረጋገጫውን መልእክት የሚያዘጋጀው ፈንክሽን፣ በመጨረሻም «ካልክ ሴክኪ»። የመጨረሻው ሥራው የሰሽን ቁልፍ ማመንጨትና በአርሲ4 መመስጠር ነው።

ሰርቨሩ የላከው ነገር ነው ወይ የጣለው? ይህን ለመለየት ሁለት ማስረጃ ተወሰደ። አንደኛው በሰርቨሩ በኩል፣ ፖርት 445 ላይ የተያዘ ቲሲፒዳምፕ ነው። የኒጎሺዬት ጥያቄና መልስ አለ፤ የመጀመሪያው ሰሽን ሰትአፕ ጥያቄ አለ፤ ሰርቨሩ «ቀጥል» የሚለውን ሲ0000016 መልሷል። ከዚያ በኋላ ዝምታ ነው። የይለፍ ቃሉን ማረጋገጫ የያዘው ሁለተኛው ሰሽን ሰትአፕ ከክላየንቱ አልወጣም። ሁለተኛው ማስረጃ የተሳሳተ የይለፍ ቃል ነው፦ በእሱም እኩል ይወድቃል። የይለፍ ቃሉ ትክክል መሆኑን ሰርቨሩ ከማየቱ በፊት ክላየንቱ ሞቷል ማለት ነው። ኬርቤሮስ በተባለው ሌላ የማረጋገጫ ዘዴ ላይ የተመሠረተ ማውንት በዚህ ፈንክሽን ስለማያልፍ አይነካም፤ ኬርቤሮስ ባለበት መሥሪያ ቤት ብልሽቱ የማይታየውም ለዚህ ነው።

ዳምፑን ማንበብ

ክራሽ የተባለው መሣሪያ ከነዲባግ መረጃው ባለው ከርነልና በዳምፑ ይከፈታል። መጀመሪያ የሲፍስ ሞጁሉ የዲባግ መረጃ በ«ሞድ» ትእዛዝ ካልተጫነ የሞጁሉ ፈንክሽኖች መስመር ቁጥር አይኖራቸውም። ቀጥሎ የጥሪዎቹን ሰንሰለት የሚያሳየው «ቢቲ»።

ነገሩን የሚፈታው የስታኩ አድራሻ ነው። በ4.9፣ ኬኤኤስኤልአር በጠፋበት ኤክስ86 64 ቢት ላይ፣ ራሙ በሙሉ በቀጥታ የሚታይበት ክልል የሚጀምረው በኤፍኤፍኤፍኤፍ88 ነው፤ የቪማሎክ ክልል ደግሞ በኤፍኤፍኤፍኤፍሲ9። ለመመስጠር የተሰጠው 16 ባይት ባፈር አድራሻ በኤፍኤፍኤፍኤፍሲ9 ይጀምራል። ባፈሩ የፈንክሽኑ ሎካል ተለዋዋጭ ስለሆነ ስታክ ላይ ነው፤ ስታኩ ደግሞ ቪማሎክ ውስጥ ነው።

ለምን ያ ችግር ሆነ? የከርነሉ የምስጠራ ክፍል ባፈር የሚቀበለው በስካተርሊስት ነው። ስካተርሊስት የሚይዘው ቨርቹዋል አድራሻ ሳይሆን ገጽና በገጹ ውስጥ ያለ ርቀት ነው። አድራሻን ወደ ገጽ የሚለውጠው ሒሳብ ደግሞ ቀላል መቀነስ ነው፤ ትክክል የሚሆነው ለቀጥታው ክልል ብቻ ነው። የቪማሎክ ገጾች በራሙ ላይ ተበታትነው ሊቀመጡ ስለሚችሉ መቀነሱ የሚሰጠው ገጽ የእነሱ አይደለም። ዲባግ ኤስጂ ሲበራ ስካተርሊስቱን የሚሞላው ፈንክሽን «ይህ አድራሻ የቀጥታው ክልል ነው?» ብሎ ይጠይቃል። መስመር 140 ያ ጥያቄ ነው።

እስከ 4.8 ድረስ የከርነል ስታክ (ከ3.15 ወዲህ 16 ኪሎባይት) በቀጥታው ክልል ውስጥ ነበር። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2016 የወጣው 4.9 የከርነል አልሚውን የአንዲ ሉቶሚርስኪን ሥራ ይዞ መጣ፦ ስታኩ ወደ ቪማሎክ ተዛወረ፣ ከሥሩም ጠባቂ ገጽ ተቀመጠለት። ስታክ ሲሞላና ሲፈስ የጎረቤቱን ሜሞሪ በዝምታ ከመብላት ይልቅ ወዲያው እንዲያዝ ነው። ትልቅ መሻሻል ነው። የስታክ አድራሻን ለስካተርሊስት የሚሰጥ ኮድ ግን ድሮም ደንብ የጣሰ ነበር፤ 4.9 ስህተቱን አልፈጠረውም፣ አሳየው።

ዲባግ ኤስጂ ሲጠፋ

ያው ከርነል ዲባግ ኤስጂ ጠፍቶ ተገነባ። ማውንቱ ሠራ፤ ፋይል ይነበባል፣ ይጻፋል።

ይህ ውጤት ከመውደቁ የበለጠ ሊያሳስብ ይገባል። ኤክስ86 64 ቢት ላይ አድራሻውን ወደ ገጽ የሚለውጠው ሒሳብ ስህተት ቢሆንም፣ አርሲ4ን የሚያሰላው ሶፍትዌር ገጹን መልሶ ወደ አድራሻ ሲለውጥ ያው የተሳሳተ ሒሳብ ይገለበጥና የመጀመሪያው አድራሻ ይመጣል። ሁለት ስህተት ተጣፍተው ነው የሠራው። ምስጠራው በዲኤምኤ (ሜሞሪን ያለ ሲፒዩ በቀጥታ) ለሚያነብ መሣሪያ ቢሰጥ ወይም ገጹን በሌላ መንገድ በሚያሰላ ሥነ ሕንጻ ላይ ቢሄድ የሚነበበው ሌላ ቦታ ነው። ስለዚህ የኮንፊግ አማራጩን አጥፍቶ «ተስተካከለ» ማለት አይቻልም። ለምርት ማሽን እንኳ ዲባግ ኤስጂን ማብራት ዋጋው ትንሽ ነው፤ የሚከለክል በቂ ምክንያት አይታይም።

ባይሴክት የት ያደርሳል

4.8 ደህና፣ 4.9 ብልሽት፤ በመካከል ከ16,000 በላይ ኮሚቶች (የኮድ ለውጦች)። ኮሚቶቹን በየዙሩ ለሁለት እየከፈለ የሚፈልገው ጊት ባይሴክት በ14 ግንባታ ገደማ ይጨርሰዋል። የሚጠቁመው ግን የሲፍስን ኮድ አይደለም፤ ለኤክስ86 ቪማፕ ስታክን ያበራውን ለውጥ ነው። ባይሴክት የሚያሳየው ብልሽቱ መታየት የጀመረበትን ቦታ እንጂ የተጻፈበትን አይደለም። ውጤቱን ብቻ ይዞ ቪማፕ ስታክን ማጥፋት ያው ዲባግ ኤስጂን እንደማጥፋት ነው። የባይሴክቱ ውጤትና የዳምፑ አድራሻ ጎን ለጎን ሲቀመጡ ነው መልሱ የሚሞላው።

ማስተካከያው

ሎካል የነበረው 16 ባይት ባፈር በኬማሎክ (የከርነሉ ሜሞሪ መስጫ ፈንክሽን) ይያዛል። ኬማሎክ የሚሰጠው ከቀጥታው ክልል ስለሆነ ሒሳቡ ትክክል ይሆናል። የውጤቱ ባፈር ቀድሞም በኬማሎክ በተያዘ መዋቅር ውስጥ ስለነበር አይነካም። መጠንቀቅ የሚያስፈልገው መውጫዎቹ ላይ ነው፦ ፈንክሽኑ የምስጠራ ዘዴውን ማግኘት ሲያቅተው፣ ቁልፉን መጫን ሲያቅተው፣ ምስጠራው ሲከሽፍ በተለያየ ቦታ ይወጣል፤ በእያንዳንዱ ባፈሩ መለቀቅ አለበት። ይዘቱ የሰሽን ቁልፍ ስለሆነ ከመለቀቁ በፊት በዜሮ ቢሞላ ይመረጣል። ኬማሎክ ራሱ ሊከሽፍ ስለሚችል ውጤቱ ባዶ ሲሆን የሜሞሪ እጥረት ስህተት ተመልሶ ማውንቱ በሥርዓት እምቢ ይላል።

ዋናው የከርነል ዛፍ ላይ ይህንኑ ችግር የሚፈታው የሳቺን ፕራቡ ኮሚት ነው፤ ርዕሱ በ«ካልክ ሴክኪ» ውስጥ ያለውን ባግ ማስተካከል ይላል። የ4.9 ዝርያ ከርነል የያዘ ማሽን ካለ የስርጭቱን ቼንጅሎግ በዚያ የፈንክሽን ስም መፈለግ በቂ ነው፤ የእትም ቁጥር ብቻ ማየት ስርጭቶች የራሳቸውን ማስተካከያ ስለሚጨምሩ ያሳስታል።

ፍተሻው፦ ዲባግ ኤስጂና ቪማፕ ስታክ በርተው ማውንትና አንማውንት በሉፕ፤ ትክክለኛና የተሳሳተ የይለፍ ቃል እየተፈራረቀ። የተሳሳተው አሁን 13፣ «ፐርሚሽን ዲናይድ» ብቻ ይመልሳል። ኬሜምሊክ በርቶ ሉፑ ካለቀ በኋላ ከ«ካልክ ሴክኪ» የወጣ ያልተለቀቀ ባፈር አልታየም።

ተመሳሳይ የሚመስለው ኤንኤፍኤስ

ኤንኤፍኤስ (ሌላ የኔትወርክ ፋይል ማጋሪያ ፕሮቶኮል) ማውንት ያለበት ማሽን «ፓኒክ» ብሎ ሲወድቅ መጀመሪያ የፓኒኩ መስመር ይነበብ። «ሃንግ ታስክ፦ ብሎክድ ታስክስ» ካለ ከርነሉ አልተበላሸም፤ እንዲወድቅ ተነግሮት ነው። «ሃንግ ታስክ ፓኒክ» 1 በሆነበት ማሽን ላይ ፕሮሰስ ከ120 ሰከንድ በላይ ሳይነቃ ከቆየ ከርነሉ ይጥለዋል። ነባሪው 0 ነው፤ አንዳንድ ክላስተሮች ግን ያበሩታል።

ሙከራው ቀላል ነው። ሰርቨሩ ላይ ፖርት 2049 በፋየርዎል «ድሮፕ» ይደረጋል፤ «ሪጀክት» ከተደረገ ሌላ ነገር ይፈተናል። ክላየንቱ ላይ በአንድ ፎልደር ውስጥ ሁለት «ሜክዲር» ተከታትለው ይሰጣሉ። ፎልደሩ ከዚያ በፊት ተነቦ የፎልደር መረጃ በካሽ ከሚቆይበት 30 ሰከንድ ሳያልፍ ይሁን፤ ካለፈ ሁለቱም መንገድ ላይ ይቆማሉ፣ የሚፈለገው ሁኔታ አይፈጠርም። ከ2 እስከ 4 ደቂቃ ውስጥ ማስጠንቀቂያው ይወጣል፤ ተቆጣጣሪው የሚነቃው በየ120 ሰከንዱ ስለሆነ ነው የሚዘገየው።

ማስጠንቀቂያው የሚጠራው ሁለተኛውን ሜክዲር ነው። የመጀመሪያው የፎልደሩን መቆለፊያ ይዞ የሰርቨሩን መልስ እየጠበቀ ነው፤ ግን የሚጠብቀው በ«ኪለብል» (እየጠበቀ ሊገደል በሚችልበት) ሁኔታ ስለሆነ ተቆጣጣሪው ሆን ብሎ ይዘለዋል። የተከሰሰው ወረፋ ጠባቂ ነው። ትክክለኛውን ለማግኘት ሲስአርኪው ላይ «ደብሊው» ይጻፍ፤ እሱ ሁለቱንም ያሳያል። ስታኩ ላይ «አርፒሲ ዌይት ቢት ኪለብል» ያለበት መቆለፊያውን የያዘው ነው። በ«ኪል 9» ይሞታል፤ ሲሞት ሁለተኛው መቆለፊያውን አግኝቶ በተራው ወደ ኪለብል ጥበቃ ይገባል።

ይህን አይቶ ማውንቱን ከ«ሃርድ» (ሰርቨሩ እስኪመልስ ከሚጠብቀው) ወደ «ሶፍት» (ጊዜው ሲያልቅ ወደሚተወው) መቀየር የተለመደ መልስ ነው፤ ለሚጻፍበት ፎልደር ግን አይሆንም። ሶፍት ጊዜው ሲያልቅ የግቤት ውጤት ስህተት ይመልሳል፣ የጽሑፉን ውጤት በማይፈትሽ ፕሮግራም እጅ ውሂብ ይጠፋል። ለንባብ ብቻ ከሆነ ሶፍት ይሁን፤ ከ5.2 ወዲህ «ሶፍትኢአር» አለ፣ ጊዜ ማለቁን ከሌላ ስህተት ለይቶ ይናገራል። «ታይሜኦ» የሚለካው በሰከንድ አሥረኛ ነው፤ 600 ማለት 60 ሰከንድ ነው። 60 ብሎ አንድ ደቂቃ የሰጠ የመሰለው ስድስት ሰከንድ ሰጥቷል።

ሃርድ ማውንት ባለበት ማሽን ላይ ሃንግ ታስክ ፓኒክ 0 ሆኖ ይቀመጥ፤ 1 መሆን ካለበት ደግሞ የ120 ሰከንዱ ገደብ ሰርቨሩ ሪቡት አድርጎ እስኪመለስ ከሚፈጀው ጊዜ በላይ ይሁን። በኤፍኤስታብ ላይ «ኔትዴቭ»ና «ኖፌይል» ይጨመሩ። ያለ መጀመሪያው ማሽኑ ሲጠፋ ኔትወርኩ ከማውንቱ ቀድሞ ሊወርድ ይችላል፤ ያለ ሁለተኛው ሰርቨሩ በሌለበት ቀን ማሽኑ ቡት አያደርግም።

የቀረ

በዚያው የ4.9 ዛፍ ውስጥ ስካተርሊስት የሚያዘጋጀውን «ኤስጂ ኢኒት ዋን» የሚጠሩትን ቦታዎች በሙሉ በግሬፕ አውጥቶ የሚሰጣቸው ባፈር ሎካል ተለዋዋጭ መሆን አለመሆኑን አንድ በአንድ ማየት። በሲፍስ ውስጥ «ኤስኤምቢኤንክሪፕት» የተባለውም ይህንኑ ስህተት ይዞ ነበር፤ ማስተካከያው የሉቶሚርስኪ ነው። ከዋናው ዛፍ ውጭ የሚገነቡ ሞጁሎች በዚህ ፍተሻ ስለማይሸፈኑ ለብቻቸው ዲባግ ኤስጂ ባለው ከርነል ላይ ይሞከራሉ።